ከአሰላ እስከ ደሎ መና፦ የባሌ ተራሮች የሞተር ሳይክል ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ከአሰላ ወደ ዶዶላ

ማለዳ አሰላ ላይ ስንሰባሰብ መሪያችን ለእያንዳንዳችን አንድ ወረቀት አደለን። በወረቀቱ ላይ ከየቦታው ስም አጠገብ የሰፈረው ከፍታው ብቻ ነበር፦ አሰላ 2430 ሜትር፣ በቆጂ 2800፣ ዲንሾ ከ3000 በላይ፣ የሳነቴ አምባ 4000፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377፣ ከዚያም በአንድ ቁልቁለት ደሎ መና 1300 ገደማ። «ኪሎ ሜትሩን ሞተሩ ይቆጥርላችኋል፤ ከፍታውን ግን ራሳችሁ አስታውሱ» አለን። በሐዋሳ ሆስፒታል ነርስ የሆነችው የጉዞ ጓደኛችን ወረቀቱን አጥፋ በጃኬቷ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ከፍራንክፈርት ለዕረፍት የመጣው ወንድማችን ደግሞ በሞተሩ የቤንዚን ጋን ላይ በፕላስተር ለጠፈው።

ሞተሮቻችን ለገጠር ሥራ የሚውሉት ያማሃ ኤጂ 200 ናቸው። ለፍጥነት የተሠሩ አይደሉም፤ ካቴናቸው በሽፋን የተዘጋ ስለሆነ ጭቃና አቧራ አያገኘውም፣ የሚቃጠለውን ቤንዚን የሚለካላቸው ካርቡሬተር ነው፣ በየወረዳው ያለ መካኒክም ያውቃቸዋል። ከኋላችን መካኒኩ ዕቃችንን፣ ትርፍ ጎማና የቤንዚን ጀሪካን ጭኖ በፒክአፕ ይከተለናል። ደንቡ አጭር ነው። መሪውን ማንም አይቀድምም፤ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያለውን በመስታወቱ ይጠብቃል፤ ከኋላው ያለው ከጠፋበት ፍሬቻ አብርቶ ዳር ይይዛል፤ በዚህ መንገድ ከመጨረሻው ተጓዥ የተነሣ ችግር ሰው በሰው እስከ መሪው ይደርሳል ማለት ነው። ከልብ የወደድኩት ደንብ ነው፤ ምክንያቱም ፊት ፊት መሄድ የሚወድ ሰው ሁሉ የኋላ ሰው ጠባቂ እንዲሆን ያስገድደዋል።

ከአሰላ ስንወጣ ጭላሎ በስተግራችን ደመና ተከናንቦ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ዓይን ዳርቻ የተዘረጋው ስንዴና ገብስ ደርሷል፤ አንዳንዱ ማሳ በማጭድ ታጭዶ ተከምሯል፣ በሌላው ላይ ኮምባይነር ይዞራል። ዘንድሮ ግን ዝናቡ በኅዳርም አልቆመም፤ ሳጉሬ ላይ ሻይ ስንጠጣ ያገኘናቸው ገበሬዎች ወሬያቸው ሁሉ የረጠበ ነዶ እንዴት እንደሚደርቅና ኮምባይነሩ መቼ ተራቸው ላይ እንደሚደርስ ነበር። በሞተር ለሚጓዝ ሰው ይህ ወሬ የመንገድ መረጃም ነው፤ ኮምባይነር ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር አስፋልቱን ሙሉ ይይዛል፣ ጎማውም የረገጠው ጭቃ በመታጠፊያዎች ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መሪያችን ጭቃ ባየ ቁጥር ግራ እግሩን ዘርግቶ ያሳየናል፤ እኛም ለሚከተለን እናሳያለን።

በቆጂ ደርሰን ምሳ በላን፤ ጾመ ነቢያት ስለገባ ለጿሚዎቹ ሽሮ፣ ለሌሎቻችን ጥብስ ቀረበ። ስለዚህች ከተማ ብዙ ተብሏል፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሩጫን የጀመሩት ከዚህ አካባቢ ነው፤ ሁሉም የኦሊምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። እኔ ግን ያስተዋልኩት በሞተር ተቀምጬ መጥቼ እንኳ ከፎቁ ደረጃ ወደ ምግብ ቤቱ ስወጣ ትንፋሼ ሲቆራረጥ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ሽቅብ እየሮጡ ሲያወሩ ነው። ነርሷ ጓደኛችን ከፍ ባለ ቦታ የሚያድግ ሰው አካል ከአነስተኛ ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ እንደሚላመድ፣ የእኛም ደም በጥቂት ቀናት ውስጥ የተወሰነ ለውጥ እንደሚያደርግ፣ ለዚህ ግን ጊዜ እንደሚያስፈልገው አስረዳችን። ከሰዓት በኋላ ከመራሮ ወደ አሳሳ ቁልቁል ወርደን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዶዶላ ገባን። ሌሊቱ ሙሉ ጨረቃ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18፤ ከዶዶላ ወደ ዲንሾ

አዳባ ላይ የነርሷ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ገና ሱቁን እየከፈተ ነበር፤ ከመነዳሪውን አውጥቶ በውኃ ሳህን ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ መካኒካችን በበኩሉ የሁላችንንም ጎማ ጠጠርና ሚስማር እየነቀሰ መረመረ። ተለጥፎ እስኪደርቅ ቡና ጠጣን። ዶዶላና አዳባ የፈረስ አገር ናቸው፤ በገበያ ቀን በፈረስ የሚመጣው ሰው ብዛት ያስደንቃል፣ ኮርቻውም በቀለማት ያጌጠ ነው። ፈረስ በሞተር ድምፅ እንዳይደነግጥ መሪያችን ከሩቅ ጀምሮ ቤንዚን ቀንሶ ማርሽ ያወርዳል፤ ፈረሰኛው እጁን ካነሣ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ያሳልፈዋል። ፈረሰኞቹ ሲያልፉ «ነጋያ» እያሉ ይሰናበቱናል።

ከአዳባ በኋላ መንገዱ ይነሣል። አስፋልቱ ጥሩ ስለሆነ ከፍታው ለዓይን አይታወቅም፤ መጀመሪያ ያወቀው ሞተሩ ነው። በአምስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት አራተኛ ጠየቀ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ። ቀዝቃዛው ነፋስ በጓንቱ ስፌት ይገባል። ዋቤ ሸበሌ ከእነዚህ ከፍታዎች ተነሥቶ ነው የመልካ ዋከናን 153 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ አልፎ ወደ ኦጋዴንና ወደ ሶማሊያ የሚወርደው፤ ገናሌ፣ ወይብና ወልመልም የዚሁ የተራራ ሰንሰለት ልጆች ናቸው። ደረቁ ቆላ ከእነዚህ ምንጮች እንደሚጠጣ በካርታ ላይ ማየት አንድ ነገር ነው፤ በየመታጠፊያው ሥር ከሣሩ መካከል የሚፈልቀውን ቀጭን ውኃ እያዩ መውጣት ግን ለጉዳዩ ሌላ ክብደት ይሰጠዋል።

ወደ ዲንሾ ስንቃረብ በጋይሳይ ሜዳ ላይ መሪያችን ቆመና እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ። ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቁ የደጋ አጋዘኖች ቆመው ይግጡ ነበር፤ ወንዶቹ ጥምዝ ቀንዳቸውን ወደ ኋላ ጋደም አድርገው፣ ሴቶቹ ጆሯቸውን ወደ እኛ አቅንተው። ሞተሮቹን አጥፍተን ከሞተሩ ላይ ሳንወርድ አየናቸው። ከኮርቻ የወረደ ሰው እንደሚያስደነግጣቸው፣ ተቀምጦ ዝም ያለ ግን ብዙም እንደማያሳስባቸው ተነግሮን ነበር፤ እንዲሁም ሆነ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19፤ ዲንሾ

ዛሬ ሞተር አልነካንም። በጉዞው ዕቅድ ላይ ይህ ቀን «የእግር ቀን» ተብሎ ሲጻፍ ከመካከላችን ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ወደ ሳነቴ በአንድ ጥዋት መድረስ እየተቻለ አንድ ሙሉ ቀን ለምን ይባክናል የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። ሌሊቱ መልሱን ሰጠ። የፍራንክፈርቱ ወንድማችን በከባድ ራስ ምታት ሲገላበጥ አደረ፤ ሌላውም ምግብ አልበላ አለው። ነርሷ የደማቸውን የኦክስጅን መጠን ጣት ላይ በምትደረገው ትንሽ መሣሪያ ለክታ፣ ውኃ እንዲጠጡ፣ አልኮል እንዳይቀምሱና ከዚህ ቦታ እስኪሻላቸው ድረስ አንድ ሜትር እንኳ እንዳይወጡ አዘዘች። የከፍታ ሕመም ጉልበተኛውን ከደካማው አይለይም፤ በስፖርት የዳበረ ወጣት ሊታመም፣ ሽማግሌ ደኅና ሊሆን ይችላል። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ በግድ መውጣት ግን ሳንባ ወይም አንጎል ውኃ እንዲቋጥር አድርጎ ሊገድል ይችላል። እኔ ከዚህ ጉዞ ለሌላ መንገደኛ አንድ ነገር ምከር ብባል የምለው ይህን ነው፦ ለዲንሾ አንድ ቀን ስጥ፤ መሪህ የእረፍት ቀን ያልያዘ ዕቅድ ካቀረበልህም ሌላ መሪ ፈልግ።

ረፋዱ ላይ ደኅና የነበርነው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አስጎብኚ ጋር በእግር ወጣን። በኮሶና በጥድ ዛፎች ሥር ከርከሮና ዱኩላ እንደ ቤት እንስሳ ይዘዋወራሉ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው እርሱ ነው፣ ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ነው። ይህን ያህል ግዙፍ እንስሳ እስከዚያ ዘመን ድረስ ለምሁራኑ ሳይታወቅ መቆየቱ የባሌን ከፍታና ርቀት ይነግረናል፤ የአካባቢው ሰው ግን ሁልጊዜም ያውቀው ነበር።

ሰው እዚህ ከፍታ ላይ የኖረበት ዘመንም ከሚገመተው በላይ ሩቅ ነው። ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዐለት መጠለያ ውስጥ፣ በ3469 ሜትር ከፍታ ላይ የተደረገ ቁፋሮ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ሰዎች ከዛሬ 47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ከአመዱ መካከል የተገኘው አጥንት በአብዛኛው የተጠበሰ የትልቁ ፍልፈል ነው፤ ለመቁረጫ የሚያገለግላቸውን ባልጩትም ከ4000 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡት ነበር። በዚያ ዘመን የተራራው አናት በበረዶ የተሸፈነ ስለነበረ፣ ከበረዶው ጠርዝ ቀልጦ የሚወርደው ውኃ በአቅራቢያቸው ይገኝ ነበር። ይህን አስጎብኚው በሜዳው ላይ ቆሞ ሲነግረን፣ የአንድ ቀን ራስ ምታት ያስቸገረው መንገደኛ ሁሉ ስለእነዚያ ሰዎች ሳንባ ማሰቡ አልቀረም።

ማምሻውን ታማሚዎቻችን ተሻላቸው፤ ሾርባ ጠጡ፣ ሣቁም። የፓርኩ ሠራተኞች ባሌ በመስከረም ወር በዓለም ቅርስነት ስለመመዝገቡ በኩራት ነግረውናል። ኩራታቸው ተገቢ ነው፤ ፓርኩ ከ2000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ነው። ይሁን እንጂ በምዝገባው ማግስትም የሚጠብቁት ያው መሬት፣ የሚቸገሩትም ስለዚያው ነገር ነው፦ እየጨመረ ስለሚሄደው ሰፈራና ከብት፣ ለግጦሽ ሲባል ስለሚቃጠለው አስታ ስለተባለው የደጋ ዛፍ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20፤ ከዲንሾ በሳነቴ ወደ ሪራ

ገና ከመነሣታችን በፊት መካኒኩ ካርቡሬተሮቹን ፈታ። ጂግለር የሚባለውን፣ ቤንዚን የሚያልፍበትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አውጥቶ በአነስተኛው ተካው። ምክንያቱን ጠይቄው በትዕግሥት አስረዳኝ። በ4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ነው፤ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ሲሳሳ፣ ካርቡሬተሩ ግን ለቆላው የተለካውን ያህል ቤንዚን ማፍሰሱን አይተውም። ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይተርፋል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይም ሞተሩ ይታፈናል። ጂግለሩን ማሳነስ ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር አያመጣም፤ ስለዚህ ከጉልበቱ የሚጎድለው ጎድሎ ይቀራል። የሰውየውም የሞተሩም ችግር አንድ ዓይነት መሆኑ ደስ አለኝ፤ ሁለቱም የሚቸገሩት አየር አንሷቸው ነው፣ ለሁለቱም የሚበጀው ቀስ ማለት ነው።

ከሮቤ የስንዴ ሜዳ ወደ ጎባ፣ ከጎባም በኋላ አስፋልቱን ትተን ወደ ጠጠሩ። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ዙር በዙር ነው፤ በየዙሩም ዕፅዋቱ ይለወጣል። መጀመሪያ ጥዱና ኮሶው፣ ከዚያ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ ቀጥሎ ላይከን የተባለው ሽበት መሳይ የዛፍ ልብስ ተንጠልጥሎበት የቆመው አስታ፤ አስታው ራሱ ከዛፍነት ወደ ቁጥቋጦነት፣ ከቁጥቋጦነት ወደ መሬት የተጠጋ ምንጣፍነት እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ይጠፋል። በመኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ የሚሄድ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ በሞተር የሚሄድ ግን በአፍንጫውም ያውቀዋል፣ ምክንያቱም የእርጥብ ጥድ ሽታ፣ የአምጃ አበባ ሽታና የጭቃማው አምባ ቅዝቃዜ አንዱ ሌላውን እየተካ ፊቱን ይመታዋል።

አምባው ላይ ስንወጣ ሰማዩ ተከፈተ። ሳነቴ ሰፊ ነው፤ በየቦታው ትናንሽ ኩሬዎች ሰማዩን ይዘው ተኝተዋል፣ በዳሮቻቸው ዝይዎች ይግጣሉ፣ ጅብራው ደግሞ ከሣሩ በላይ አንዳንድ ሆኖ እንደ ዘብ ቆሟል። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያከማች ኖሮ አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ግንድ ያወጣና ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሌሊት ሌሊት ከዜሮ በታች የሚወርደውን ቅዝቃዜ የሚቋቋመው ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን በመሸፈን ነው። በአንዳንድ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ታላላቅ ድንጋዮች የሰው እጅ እንደደረደራቸው ሁሉ በረድፍ በረድፍ ተኝተዋል፤ ይህ ግን በበረዶው ዘመን መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ የተፈጠረ አሰላለፍ ነው።

መሪያችን አምባው ላይ ሁለት ነገር አዘዘ፦ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት የለም፣ ከመንገዱ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳትም ፈጽሞ የለም። ሣሩ የፍልፈሎቹ ቤት ነው፤ ትልቁ ፍልፈል በባሌ ብቻ የሚገኝ፣ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን የሚችል እንስሳ ነው፤ ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚኖረው እርሱንና ሌሎች አይጦችን እያደነ ነው። አንድ የጎማ ፈለግ በዚህ ለስላሳ መሬት ላይ ተቀርጾ ለዓመታት ይቆያል፣ ሌላውንም ነጂ ይጋብዛል። በመንገዱ ዳር አሮጌ ፈለጎችን አየን፤ በዝናቡ ውኃ ተሞልተው ቦይ ሆነዋል።

ቀይ ቀበሮ ያየነው እኩለ ቀን ከመድረሱ በፊት ነው። ከመንገዱ በስተቀኝ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮዎቹን ወደ መሬት አዙሮ በእርጋታ ይራመድ ነበር። ቆመን ሞተር አጠፋን። ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ቆመ፤ ከዚያም ዘሎ አፉን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። ያዘ ወይስ ሳተ የሚለው ሳይታየን መንገዱን በፊታችን አቋርጦ ሄደ፤ መንገዱን ሲያቋርጥ ወደ እኛ አልተመለከተም። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከአምስት መቶ አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው። ኅዳር ደግሞ ግልገሎች በጉድጓድ ውስጥ ያሉበት ወቅት ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የምትሞት አንዲት እናት ብቻዋን አትሞትም።

መኪናና ሞተር ከሚያደርሱት ጉዳት በላይ ግን ቀበሮውን የሚጨርሰው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ የተነሣው ወረርሽኝ የባሌን ቀበሮዎች በብዛት ፈጅቷል። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በአካባቢው ያሉ ውሾችን ሲከትብ ቆይቶ፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ ማደል ጀምሯል። ከብት የሚጠብቁ እረኞች ውሻቸው ከእነርሱ የማይለይ ስለሆነ፣ ነገሩ የሚፈታው እረኛውን በማሳመን እንጂ በመከልከል አይመስለኝም።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው ቅርንጫፍ መንገድ ዳገታማና ድንጋያማ ነው። ሞተሮቹ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ እየጮኸ ወጡ፤ ታሞ የነበረው ወንድማችን ከመሪው ጋር ተማክሮ ከፒክአፑ ጋር ከሥር ቀረ፣ ውሳኔውንም ሁላችን አከበርንለት። ጫፉ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ውበት ፈልጎ የሚወጣ ሰው ግን የመገናኛ ምሰሶዎችንና አጥርን ያገኛል፤ ዕይታው የሚያስደንቀው ወደ ደቡብ ነው፤ አምባው በድንገት ተቆርጦ፣ ከሥሩ የሐረና ደን በደመና ውስጥ ይታያል። በረዶ ጠጠር መውረድ ሲጀምር ወዲያው ወረድን።

ወደ ሪራ ያለው ቁልቁለት የቀኑ ከባዱ ክፍል ነበር። «በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ውረዱ» የሚለው ምክር እዚህ ዋጋውን አሳየ፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ የተያዘ ሞተር ራሱን ይገታል፣ ፍሬኑን ደጋግሞ የሚረግጥ ግን ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይለዋል። መንገዱ እርጥብ፣ ጭጋጉ ጥቅጥቅ ያለ ነበርና የፊት ጓደኛዬን የማውቀው በኋላ መብራቱ ብቻ ሆነ። የምናድርበት ሪራ ከአምባው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ብሎ መዋልና ዝቅ ብሎ ማደር የተራራ ጉዞ የቆየ ሥርዓት ነው። ሌሊቱን ሁላችንም ያለ ራስ ምታት ተኛን።

ዓርብ፣ ኅዳር 21፤ ከሪራ ወደ ደሎ መና

ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ለአስተናጋጆቻችን ደግሞ ጁምዓ። ያስተናገዱን አባት በጠዋት ጭኮና ወተት አቀረቡልን፤ ለሚጾሙት ደግሞ የገብስ ቂጣ ከማር ጋር። የሐረና ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ቀፎው ከቀርከሃ ተሠርቶ ከረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ይሰቀላል። እርሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ማታ ማታ በገመድ እየወጡ ማር ቆርጠዋል፤ አሁን የሚወጣው ልጃቸው ነው። «ዛፉ ከሌለ ንቡ የለም፤ ንቡ ከሌለ እኛም ወደ ከተማ እንሄዳለን» አሉን።

ከሪራ በታች መንገዱ ወደ ደኑ ይገባል። ዛፎቹ ሽበት በመሰለ ላይከን ተሸፍነዋል፤ ከግንዳቸው ሐረግ፣ ከቅርንጫፋቸው ውኃ ይንጠባጠባል። የቀርከሃው ጫካ ከደጋው ደን ጋር ሲገናኝ ጦጣዎች አየን፤ የባሌ ጦጣ የሚባለው ዝርያ ምግቡ በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ስለሆነ ቀርከሃው ከተቆረጠ መሄጃ የለውም። በደኑ ውስጥ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች አሉ፤ እኛ አላየንም፣ መሪያችንም ለማየት አልፈለገም። ከዚያ ዝቅ ብሎ የጫካ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው በቅሎ ይታያል፤ ቀይ ፍሬው ተለቅሞ በየደጃፉ ሰሌን ላይ ይደርቃል። በ4000 ሜትር ላይ በረዶ ጠጠር ያየ ሰው በማግሥቱ ላብ በላብ ሆኖ ጃኬቱን ሲያወልቅ፣ ይህን ሁሉ የያዘው አንድ መንገድ መሆኑ ይደንቀዋል። ደሎ መና የደረስነው ሰዎች ከመስጊድ ሲወጡ ነው፤ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ሞተሮቹን ገፍተን አለፍን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22፤ ከደሎ መና ወደ ሮቤ

በመጣንበት መንገድ መመለስ ሲባል አሰልቺ ይመስላል። እኔ ግን የባሌን መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ያላለፈበት ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል እላለሁ። ሲወርዱ ዓይን ከመንገዱ አይነሣም፤ ሲወጡ ግን ሞተሩ ራሱ ስለሚያዘግም ደኑን፣ የአስታውን ጫፍ፣ የገደሉን ግድግዳ ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ አለ። በአንድ ጥዋት ከ2700 ሜትር በላይ ወጣን፤ በሰኞው ሰውነታችን ይህን ብናደርገው ሁላችንም በታመምን ነበር፣ ዛሬ ግን ምሳችንን አምባው ላይ በደኅና በላን።

በአምባው ላይ ከፓርኩ ስካውቶች ጋር ተገናኘን። በእግርና በፈረስ እየዞሩ የሚጠብቁት መሬት ሰፊ ነው፤ ዋና ጥያቄያቸውም ለነጂዎች ሁሉ ነው፦ ቀስ በሉ፤ በተለይ በማለዳና በምሽት ይህን አምባ አትሻገሩ፤ ውሻ ጭናችሁ አታምጡ፤ የምግብ ትራፊ አትጣሉ፤ ቆሻሻ ቁራውንና ውሻውን ይስባል። ያየናቸውን ቀበሮዎች ብዛት፣ ቦታና ሰዓት ጠየቁን፤ መሪያችን በየቀኑ የመዘገበውን ደብተር አውጥቶ አነበበላቸው፣ እነርሱም ገለበጡት። ከዚህ በኋላ በዚህ መንገድ የሚያልፍ የተደራጀ ቡድን ሁሉ እንዲህ ያለ ደብተር ቢይዝ፣ የጥበቃ ሠራተኛው በማይደርስበት ቀን ዓይን ይሆንለታል ብዬ አምናለሁ፤ ለመሪያችንም ነግሬዋለሁ። እርሱም ቅጹን አባዝቶ በአካባቢው ለሚሠሩ አስጎብኚዎች ለማደል ተስማማ፤ የፍራንክፈርቱ ወንድማችን የማሳተሚያውን ወጪ እችላለሁ አለ።

ሮቤ ስንደርስ መካኒኩ የቆላውን ጂግለር መልሶ አስገባ፣ ካንዴላዎቹን አጸዳ፣ የነርሷን የተለጠፈ ከመነዳሪ በአዲስ ቀየረ። ሰኞ ሌላ ቡድን ይመጣል፤ የእረፍት ቀኑ እንዳለ እንዲቆይ ሁላችንም ፈርመን ለመሪያችን ሰጠነው።